ሊከፈት ነው ያሉት ድምፄ

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚያነብላችሁ ግን ሀብቴ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች መጥተው «ባለፈው ዓመት እግዚአብሔር ያደረገልህን መስክር» ሲሉኝ ድምፅ እንደሌለኝ የረሱ መስሎኝ ነበር። ማይክራፎኑን አፌ ውስጥ ብከተው እንኳ የኔ ሹክሹክታ ከፊተኛው አግዳሚ አያልፍም። አልረሱም ነበር። «አንተ ጻፈው፣ ሌላ ሰው ያንብብልህ» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ አንባቢውን ግን እኔ ልምረጥ ብዬ ሀብቴን መረጥኩ። ለምን እሱን እንደመረጥኩ መጨረሻው ላይ ትሰማላችሁ። ሀብቴ፣ አንተም ያኔ ትሰማዋለህ። እስከዚያ ገጹን ገልጠህ ቀድመህ አትይ፤ ቀስ ብለህ፣ ጮክ ብለህ አንብብ።

እልልታ ለማሰማት የመጣ ሰው ካለ እንዳይቸገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ምስክርነት ሲባል የለመድነው ታመምኩ፣ ተሳልኩ፣ ዳንኩ፣ ስለቴን አገባሁ ነው። የኔ እንደዚያ አይደለም። ካርዴ ላይ «ድኗል» ተብሎ ተጽፏል። እውነትም ሳሉ ቆሟል፣ ሥጋዬ ተመልሷል፣ ዳገት እወጣለሁ። የተወሰደብኝ ነገር ግን አልተመለሰም፤ እንደማይመለስም ነግረውኛል። ዓመቱን ሳስበው ከምስጋናው በፊት የሚመጣብኝ ሌላ ስሜት ነው። ይህን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ መናገር ነውር ከሆነ ነውሩ የኔ ይሁን።

ለማታውቁኝ፣ አስናቀ እባላለሁ። ከዘመሮ ወዲያ፣ ከገብስና ከበግ በቀር ሌላ ወሬ ከሌለበት አገር የመጣሁ የቄስ ልጅ ነኝ። መልክ የለኝም። ለእርሻም ጉልበቴ ደካማ ነው፤ ጥጃ እንኳ ጎትቶ ይጥለኛል። ድምፅ ግን ነበረኝ። ገና ጢም ሳላወጣ ዲቁና ተቀብዬ ከአባቴ ጋር ስቀድስ የደብራችን ሰው አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር። እናቴ ጆሮዋ ይከብዳል። ከቅዳሴው ሁሉ ለይታ የምትሰማው እኔ «ተንሥኡ» ስል ብቻ እንደሆነ አንድ ቀን ነገረችኝ። ሌላ ዲያቆን ሲቀድስ ሰው ሲነሣ አይታ ትነሣለች፤ እኔ ስቀድስ ግን ሰምታ ትነሣለች። ያን ቀን የሾሙኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አባቴም «ዜማ ይማር፣ መሪጌታ ይሁን» ብለው ወደ ግሼ የላኩኝ ይህን ድምፅ ተማምነው ነው።

እናንተ ወደምታውቁት የየኔታ ጉባኤ ገባሁ። የግሼን ብርድ ለናንተ አልነግርም። የተማሪ ጎጆአችን ግን ከናንተ ቤት ይለያል፤ ውርጩን ፈርተን መስኮቷን በጭቃና በገለባ ደፍነናታል። እዚያ ውስጥ ተጠጋግተን እግር በራስ እንተኛለን። እኔና ሀብቴ አንድ የሱፍ ባና ነበር የምንለብሰው። ባናው የሱ ነው፤ ሲቆጣ ጠቅልሎ ይወስድብኛል።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው ልበል? አይደለም፤ አምና ነው። ዓመቱ ረዝሞብኝ ሁለት ይመስለኛል። መጀመሪያ ደረቅ ሳል መጣ፤ ከዚያ ድምፄ ጎረነነ። ሌላ ቤት ቢሆን «ምን ሆነህ ነው?» ይባል ነበር። የዜማ ተማሪ ቤት ግን ድምፁ የጎረነነ ልጅ እንኳን ደስ ያለህ ነው የሚባለው። ሌሊትና ቀን ሲጮኽ የከረመ ጉሮሮ መጀመሪያ ይሻክራል፣ ከዚያ ይዘጋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ጥርት ብሎ ይከፈታል። እንደዚያ የሆነለትን ልጅ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ የጎረነነውን ልጅ «ጉሮሮው እየተሞረደ ነው» እንለዋለን።

የኔታ ጠሩኝና «እስቲ ያችን ድገማት» አሉኝ። ደገምኩ። እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለብኝ።

«እሰይ» አሉ ፈገግ ብለው። «ሞረድ ገባህ። ለሆሳዕና ይከፈትልሃል።»

ጓደኞቼ ትከሻዬን መቱኝ። ሀብቴ ቀናብኝ። አዎ ሀብቴ፣ እሱንም አንብበው። በዚያ ወቅት የሱ ድምፅ ንጹሕ ሆኖ ቀርቶበት ስለነበር፣ እንዲጎረንንለት ማለዳ ማለዳ ምንጭ ወርዶ በረዶ የመሰለ ውኃ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ከዚህ በኋላ በሽታዬ የጾመኛ ልብስ ለብሶ መጣ። ከሳሁ፤ ጾሙ ነው ተባለ። ሌሊት ላብ አጠመቀኝ፤ ስግደቱ ነው ተባለ። ስቆም ጉልበቴ ይከዳኛል፤ እሱም ጾሙ ነው። ምራቅ ስውጥ ጉሮሮዬን እንደ እሾህ ይወጋኝ ጀመር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚዋጥ ነገር ስለሌለ ለማንም አልተናገርኩም። ሌላው ቀርቶ እኔ ራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። በመስታወት ፊቴን አይቼ ጉንጬ መጉደሉን ሳይ የጾመኛ ፊት መስሎ ታየኝ። ሰው በሕመሙ እንዲህ ሲኮራ ማየት ያሳዝናል።

ሆሳዕና መጣ፤ ድምፄ አልተከፈተም። ስቅለት ዕለት የኔታ ተራዬን ሰጡኝ። ማኅበሩ ቆሞ ይጠብቃል። አፌን ከፈትኩ። አየር ብቻ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው አየር ነው። ሀብቴ ከጎኔ ቆሞ ስለነበር ሳይጠየቅ ተቀበለኝና የኔን ተራ እሱ አዜመው። ሰው ሁሉ ሐዘኑ በዝቶብኝ ድምፄ የተቋረጠ መሰለው። አንዲት እናት ወጥተው እጄን ሳሙኝ። ያን ቀን መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

ለፋሲካ አገሬ ገባሁ። ከሁለት ወር ጾም በኋላ የቀረበልኝን ወጥ መዋጥ አቃተኝ። እናቴ ጎርሼ እንባዬ ሲወርድ አይታ «በርበሬው በዛበት እንዴ?» ትላለች። መለስኩላት፤ አልሰማችኝም። ጮክ ብዬ ልነግራት ሞከርኩ፤ ጮክ የሚል ነገር የለም። እሷ መስማት ያጣች፣ እኔ ድምፅ ያጣሁ፤ ማዕዱን በመሐላችን አድርገን ተያየን። ካየሁት መከራ ሁሉ ያችን ሰዓት የሚስተካከላት የለም።

ከዚያ መንከራተቱ ተጀመረ። መጀመሪያ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተባለና እንጥል የሚቆርጥ ሰው ዘንድ ተወሰድኩ። እንጥል ማለት ከላንቃችን በስተኋላ የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ሥጋ ናት። ቆረጣት። ደም ተፋሁ፤ ቁስል ላይ ቁስል ተጨመረ። እባካችሁ ይህን የሚያደርግ ዘመድ ካላችሁ እጁን ያዙት፤ ሌላ ምንም አልልም።

ቀጥሎ መሐል ሜዳ አንድ ክሊኒክ ሄድን። በባትሪ አይተው «ቶንሲል ነው» አሉ። ክኒን ዋጥኩ። ባይሻለኝ ተመለስኩ፤ አሁን ደም ወሰዱና ታይፎይድና ታይፈስ ሁለቱም አሉብህ ተባልኩ። በኛ አገር ደሙን የሰጠ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሳይዝ ወደ ቤቱ አይመለስም። መርፌ ተወጋሁ። ትኩሳቱ ጋብ ሲል ሁላችን ዳነ አልን፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። አባቴ በግ እየሸጡ ይከፍላሉ፤ አንድም ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። ከዚያ ጠበል ገባሁ። ጠበሉን አልከስም፤ ልቤን አሳርፎልኛል። ጉሮሮዬ ግን ያው ነው።

ታላቅ እኅቴ ዘነቡ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ለግንቦት ልደታ መጥታ በር ላይ ስታየኝ የያዘችው ዘንቢል ከእጇ ወደቀ። ማታ እራት ላይ አባቴን ፊት ለፊት ተናገረቻቸው።

«አባዬ፣ ልጁ እየሞተ ነው።»

«አፍሽን አትክፈቺብኝ። የየኔታ ልጅ ነው፤ ሲሞረድ ይከሳል። ድምፁ ሲከፈት ታያለሽ።»

«ድምፅ የሚከፈትለት ሰው እንዲህ ያልበዋል?»

«አንቺ ስለ ዜማ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ዜማስ አላውቅም፤ ስለ ሳል ግን አውቃለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ እንዲህ ስትስል ከርማ ነው ሆስፒታል የገባችው። ነገ ይዤው ልሂድ።»

አባቴ እንጀራቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። እናቴ ምን እንደተባለ ስላልሰማች ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። በማግሥቱ ስነቃ በቅሎዋ ተጭና በር ላይ ቆማለች፤ የጫኗት አባቴ ራሳቸው ናቸው። እስከ መኪናው መንገድ ድረስ እየነዱኝ መጡ። ልንለያይ ስንል መስቀላቸውን አሳልመውኝ ጉሮሮዬ ላይ አቆዩት።

አሁን ስለ ደብረ ብርሃን ልንገራችሁ። የታመመ ሰው አንድ ቃል ብቻ ያስፈልገዋል፤ «አቤት»። ተራ መጠበቂያው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ነርሷ በር ላይ ወጥታ ስም ትጠራለች። ስምህ ሲጠራ «አቤት» ካላልክ ካርድህ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ዘነቡ ሥራ ስለነበራት የመጀመሪያው ቀን ብቻዬን ነበርኩ። «አስናቀ» ብላ ጠራች። አቤት አልኩ። እኔ ብቻ ሰማሁት። ተነሥቼ እጄን እያወዛወዝኩ ሰው መሐል ስጋፋ ሌላ ስም ተጠርቷል። ወረፋው ሲዞር ጠዋቱ አለቀ፤ ደግማ ጠራች፤ ደግሜ አቤት አልኩ፤ አሁንም የሰማኝ የለም። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሕፃን ሆኜ አባቴ ከሩቅ ሲጠሩኝ ሸለቆውን አሻግሬ «አቤት» የምል ልጅ ነበርኩ።

አጠገቤ ያለው አግዳሚ ላይ አንዲት ከመርሐ ቤቴ የመጡ ሴትዮ ነበሩ። አንገታቸው ላይ ትልቅ እንቅርት አለባቸው፤ በሻሽ ሸፍነውታል።

«ስምህ ማነው ልጄ?» አሉኝ።

በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙኝ።

«አንተ ጉሮሮህ ባዶ ሆኖ ድምፅ የለህም፤ እኔ ይኸን ተሸክሜ ድምፄን የሚያህል የለም። አከፋፈሉን እሱ ያውቃል። በል አጠገቤ ተቀመጥ።»

ነርሷ ለሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ፣ የኔ ስም ገና ሳያልቅ፣ ሴትዮዋ «አቤት፣ እዚህ አለ» ብለው አዳራሹን አናጉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ለቀጠሮ በተመለስኩ ጊዜም አገኘኋቸው፤ ያን ቀንም እሳቸው ናቸው አቤት ያሉልኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ። በዚያ ዓመት እግዚአብሔር አለ ያልኩበት ቦታ ቢኖር ያ አግዳሚ ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም ጨጓራ ነው፣ አሲዱ ወደ ላይ እየወጣ ጉሮሮህን አቃጥሎታል አለኝ። የጨጓራ መድኃኒት ይዤ እኅቴ ኪራይ ቤት ከረምኩ። መንገዱም በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር አገሬ መመለስ አልቻልኩም። እናቴ በጎረቤት ስልክ ትደውላለች። «አስናቀ፣ አለህ?» ትላለች። «አለሁ» እላለሁ። «አይሰማም» ትላለች። «እማዬ አለሁ» እላለሁ። «ኔትወርክ የለም» ብላ ትዘጋዋለች። በደወለች ቁጥር ኔትወርኩን ትረግማለች። ዘነቡ ልትነግራት ፈልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ ተይ ያልኳት። ኔትወርክ ይሁንላት አልኩ።

በመጨረሻ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት፣ ማለት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ወጣት ሴት ናት። ዘነቡ ያን ቀን አብራኝ ነበረች።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የዜማ ተማሪ ነኝ።»

«ድምፅህ ከተዘጋ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ከጥምቀት ወዲህ ነው የጀመረኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያኔ ለምን አልመጣህም?»

«ሊከፈት ነው ብለውኝ።»

አልገባትም። ዘነቡ አስረዳቻት፤ የሞረዱን ነገር ሁሉ። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ቀጭን ሽቦ የመሰለ ነገር በአፍንጫዬ አስገብታ ጉሮሮዬን በቴሌቪዥን አሳየችኝ። ድምፅ የሚያወጡ ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች አሉ፤ የድምፅ አውታር ይሏቸዋል። ነጭ መሆን ሲገባቸው ቀልተው፣ ቆስለው፣ አንደኛው ተበልቶ ነበር። ዕድሜ ልኬን ሳዜምበት የኖርኩትን ነገር በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል» አለች። «ካንሰር ወይም ቲቢ። ከቁስሉ ቆንጥሬ እልካለሁ፤ አክታህንም ትሰጣለህ።»

ውጤቱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። «ቲቢ ይሁንልኝ» ብዬ ለማርያም ተሳልኩ። ቲቢ ስጪኝ ብሎ የተሳለ ሰው ከኔ ሌላ ይኖር ይሆን? ሌሊት በላብ የራሰውን ልብሴን እቀይርና ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ልጸልይ እሞክራለሁ። ችግሩ እኔ ድምፅ የሌለው ጸሎት አልተማርኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጸሎት ማለት አፍ ሞልቶ የሚወጣ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ በልብ መጸለይ የሚባለውን ስሞክረው ሐሳቤ ይበተናል፣ ለማንም የማወራ አይመስለኝም። የባዶ ቤት በር እንደ ማንኳኳት ሆነብኝ። አንድ ሌሊት ጸሎቱን ትቼ የልቤን ተናገርኩ። «የሰጠኸኝ አንድ ነገር ነው። እሱንም ላንተ ነበር የማውለው። ከሰው ሁሉ መርጠህ የኔን፣ ከኔም መርጠህ ድምፄን ለምን ወሰድክ?» አልኩት። መልስ አልመጣም። እስከ ዛሬም አልመጣም። መሞት አምሮኝ ነበር፤ ይህንን ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩም።

ውጤቱ ቲቢ ሆነ። የጉሮሮ ቲቢ። በተለምዶ ሳንባ ላይ ነው የምናውቀው፤ የኔ ከሳንባዬ ወጥቶ የድምፅ አውታሬ ላይ ሰፍሯል። ዘነቡ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ሐኪሟ መድኃኒቱ በነጻ እንደሚሰጥ፣ ስድስት ወር ሳያቋርጡ መዋጥ እንደሚያስፈልግ ነገረችን። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቃ አለች፦ «አብረውህ የተኙ ሁሉ ይመርመሩ። ድምፁ ጎርንኖ ሁለት ሦስት ሳምንት ያለፈው ሰው ዜማ ቢማርም ባይማርም ይታይ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሀብቴ ደግሞ ያንብብላችሁ። ሀብቴ፣ ድገመው።

መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር መድኃኒቱን አገሬ ገብቼ ጀመርኩ። ሽንቴ ቀልቶ ደም መስሎኝ ስደነግጥ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የመድኃኒቱ ቀለም ነው ብላ አረጋጋችኝ። መንደሩ ግን የራሱን ምርመራ አካሄደ፤ «ያ በሽታ ነው» ተባለ። ኤች አይ ቪ ማለታቸው ነው። የለብኝም፤ ተመርምሬአለሁ። ቢኖርብኝስ? ጽዋ ማኅበር ላይ ዋንጫ እኔ ዘንድ ሲደርስ የሚቀዳ ሰው ይጠፋ ነበር። አባቴ ይህን አይተው ከዚያ ማኅበር ወጡ፤ ለምን ወጡ ሲሏቸው «እግሬን አመመኝ» ነው ያሉት።

ክኒኑን ጠዋት ጠዋት የሚያስውጡኝ እሳቸው ናቸው። ውኃ ቀምሼ ቅዳሴ መግባት ስለማልችል ከመቅደስ ወጣሁ። በጾም ቀን ለመዋጥ ሳመነታ «መድኃኒት ጾም አይገድፍም፤ የንስሐ አባትህም ፈቅደዋል» ይሉኛል። ከዋጥኩ በኋላ «አፍህን ክፈት» ብለው ያያሉ። ድሮም አፍህን ክፈት ይሉኝ ነበር፤ ያኔ ግን ለዜማ ነው። ሁለታችንም ይኸን እናስባለን፤ ሁለታችንም አንናገረውም። እናቴ ደግሞ ችግሩ ከኔትወርኩም ከጆሮዋም ሳይሆን ከኔ ድምፅ እንደሆነ ሲገባት አዲስ ነገር አመጣች። መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አድርጋ «በል ተናገር» ትለኛለች። እናገራለሁ። ትንሽ ትቆይና «የለም» ብላ እጇን ታነሣለች። በየቀኑ ትሞክራለች።

መድኃኒቱን ስጨርስ ሐኪሟ በዚያው ሽቦ ደግማ አየችኝ። ቁስሉ ደርቋል፤ ቦታው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ጠባሳ ደግሞ አይንቀጠቀጥም፤ ድምፅ ማለት የዚያ ጅማት መንቀጥቀጥ ነው።

«ይመለሳል?» አልኳት።

«ንግግርህ ትንሽ ሊሻሻል ይችላል።»

«ዜማስ?»

ካርዴን ወሰደችና «ድኗል» ብላ ጻፈችበት። «በጊዜው መጥተህ ቢሆን...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

ልብሴን ልወስድ ወደ ግሼ ተመለስኩ። የኔታ አቅፈውኝ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን ሰጡኝና ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። ተማሪ ሲሳሳት መሬቱን በመቋሚያው እመታለሁ። ዜማውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ አንዱንም ማውጣት አልችልም። ጎበዝ ልጅ ሲያዜም ጉሮሮዬ ሳላዘው ይንቀሳቀሳል። «አሁንም እያገለገልክ እኮ ነው» ትሉኛላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ለደግ ነው የምትሉኝ። እኔ ግን በየቀኑ የራሴን ለቅሶ የምቀመጥ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሀብቴ ልመለስ። እኔ ስታመም የጤና ሠራተኞች መጥተው ከጎጆአችን ልጆች ሁሉ አክታ ወስደዋል። ሀብቴ ያን ሳምንት «አገሬ ሄጄ ነበር» ይላል። ሲመለስም «እኔ አስነጥሶኝ እንኳ አያውቅም» ብሎ ሳይመረመር ቀረ። አንድ ባና የለበስኩት ግን ከሱ ጋር ነው።

ከገና ወዲህ ድምፁ ጎርንኗል።

ጓደኞቹ ትከሻውን መትተውታል። የኔታም ትንሽ ፈራ ተባ ብለው «የአስናቀ በሽታ ነበር፤ የሱ ግን እውነተኛው ሞረድ ነው» ብለዋል። እኔ ጆሮው ሥር ሄጄ ነገርኩት። ሳቀና «ቀናህብኝ አይደል?» አለኝ። ሌላ ቀን ነገርኩት፤ «ለዐቢይ ጾም ይከፈትልኛል፤ ካለፈ እሄዳለሁ» አለኝ። ጾሙ ደርሷል። ጾም ደግሞ ከሳ፣ ላበው፣ ደከመው የሚለውን ሁሉ ይሸፍንለታል። ጮኼ እንዳልከለክለው ድምፅ የለኝም።

ስለዚህ ይህን እንዲያነብ እሱን መረጥኩ። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ከተቀመጣችሁ ጀምሮ ስትሰሙ የቆያችሁት ድምፅ የሱ ነው። እንዴት እንደሚሻክር ሰምታችኋል። ስንቴ ቆሞ ጉሮሮውን እንደጠረገ፣ ስንቴ እንደሳለ ሰምታችኋል። እኔ ብነግራችሁ አይሰማም ነበር፤ እሱ ራሱ ነገራችሁ። ስትወጡ በር ላይ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለው ሰው እንዳይኖር።

ሀብቴ፣ በሰው ፊት ስላደረግኩት ይቅር በለኝ። በጆሮህ ነግሬህ እምቢ ብለኸኝ ነው። አሁን ወረቀቱን አጥፈህ አትቀመጥ፤ ትንሽ ቀርቶታል። የኔታን አስፈቅጃለሁ፤ ነገ በማለዳው መኪና መሐል ሜዳ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን አብረን እንሄዳለን። ባናውን ያዝ፤ መንገዱ ይበርዳል። ያ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። የመርሐ ቤቴዋ ሴትዮ ላይኖሩ ይችላሉ፤ እኔ ደግሞ ላንተ አቤት ልልልህ አልችልም። ነርሷ ወጥታ ስምህን ስትጠራ አንተው ራስህ አቤት በል። ገና ትችላለህ።